ጠዋት ጠዋት አልቀይርም የምትል ኮሮላ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1997 የተሠራች ባለአራት ማርሽ አውቶማቲክ ኮሮላ አለችኝ። በህዳርና በታህሳስ ጠዋት ከአያት ወደ ቦሌ ስነሳ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ የመጨረሻውን ማርሽ አትይዝም። መገናኛን ካለፍኩ በኋላ ይስተካከላል። መካኒኩ «ካምቢዮው ይውረድ» ብሎኛል። ላስወርደው?

መልስ፦ ኧረ ይቆይ! በዚያ ዘመን ቶዮታ ሞተሩ በቂ ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ ኦቨርድራይቭ፣ ማለትም የመጨረሻው ማርሽ፣ ሆን ተብሎ ይታገዳል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ብትጮህ ጤነኛ ናት።

እስከ መገናኛ ከዘለቀ ግን ቴርሞስታቱን እጠረጥራለሁ። «ለእኛ አገር አያስፈልግም» እየተባለ ስንቱ መኪና ላይ ወልቆ ተጥሏል! አዲስ አበባ እኮ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የህዳር ጠዋቷን እርስዎም ያውቁታል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም፤ ማርሹም አይፈቀድለትም። የሙቀት መርፌው ወደ መሀል ለመድረስ ረጅም ጊዜ ከፈጀበት መጀመሪያ ይህንን ያስፈትሹ። ዋጋው ካምቢዮ ከማስወረድ ጋር አይወዳደርም።

ቀጥሎ የካምቢዮ ዘይቱን ይዩ። ከተነዳች በኋላ ሜዳ ላይ ያቁሟት፤ ሞተሩን ሳያጠፉ፣ ፍሬን እንደረገጡ ማርሹን በየቦታው አዳርሰው ፓርኪንግ ላይ ይመልሱና መለኪያውን ያውጡ። ጥሩ ዘይት ቀላና ጥርት ያለ ነው። ከጎደለ ዴክስሮን 3 ይጨምሩ፤ የሞተር ዘይት በፍጹም! ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ፣ ወይም ሞቃ እያለችም ከተንሸራተተች፣ ፍሪሲዮኖቹ ተበልተዋል፤ ያኔ መካኒኩ ልክ ነው።