ምዕራፍ አምስት፦ ያለ ወረቀት መቁጠር

ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ። የጎጃም ቅኔ ቤቶች ስማቸው ሲነሣ ወሬው ቶሎ ወደ ተማሪው አእምሮ ይዞራል። «አብሾ ጠጥቶ ይሆናል» የሚልም አይጠፋም፤ አብሾ አእምሮን ይስላል የሚባል መጠጥ ነው። መጠጡን ከመጠርጠር በፊት ግን ተማሪው ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ማየት ይሻላል።

መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፣ ግስ ያወርዳሉ፣ አገባቡን ያሳያሉ። ከዚያ ተማሪው ለምዱን ደርቦ ከጓደኞቹ ይለይና ከቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም በሐሳቡ ያቀናብራል። ወረቀትም ብዕርም የለም። ጀማሪ ከሆነ የሚሠራው ጉባኤ ቃና ነው፤ 2 ቤት ብቻ። ይህችው 2 ቤት ግን ታደክማለች፦ የዜማ ልኳ መሙላት፣ ቤቷ መምታት፣ የግእዙ አገባብ መቃናት፣ ከሰሙ ሥር ወርቁ መቀመጥ አለበት። አንዱን ሲያቀና ሌላው ይጣመምበታል። ሲበቃው ለነገራ ይቀርባል። በቃሉ ይናገራል፤ መምህሩ ወይም አስነጋሪው እዚያው ያርሙታል።

ይህ ድካም ምክንያት አለው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዝ የሚችለው 7 ያህል ነገር እንደሆነ ጻፈ። ሌላው ተመራማሪ ኔልሰን ካዋን እ.ኤ.አ. በ2001 ቁጥሩን ወደ 4 ገደማ አወረደው። ትኩረት የምንለው ይህችን ጠባብ ቦታ ማን ይያዛት የሚለው ጉዳይ ነው። ቅኔ ቤቱ ጀማሪን ባለ 8 ቤቱ መወድስ ላይ የማያስቀምጠው ለዚህ ይመስለኛል። ግሱና አገባቡ ሳያስቡት የሚመጡ ሲሆኑ ቦታው ይለቀቃል፤ ተማሪው ያን ጊዜ ስለ ምሥጢሩ ማሰብ ይችላል። አንድ የሒሳብ ጥያቄ አልፈታ ሲለን ራሳችንን ደደብ እንላለን። ብዙ ጊዜ የጎደለን ግን ቦታ እንጂ ችሎታ አይደለም፤ ማባዛቱን ገና በጣታችን እየቆጠርን ከሆነ ጥያቄው የት ይቀመጥ?

የቤተ ክህነት ትምህርት ሁሉ ሽምደዳ ነው የሚሉ ሰዎች ስለ ንባብ ቤት ሲናገሩ ጥቂት እውነት አላቸው። ቅኔ ቤት ግን የሌላውን ቅኔ መድገም አያስመሰግንም፤ አዲስ መፍጠር ግዴታ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ያለፉት በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ነው፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው በዛብህም የዚያው ዓለም ልጅ ነው። ራስ መፍጠር ለማስታወስም ይረዳል፦ ስላሜካና ግራፍ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳዩት፣ ሰው አንብቦ ካለፈው ቃል ይልቅ ራሱ ያመነጨውን የተሻለ ያስታውሳል። ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያገኙት ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ከ5 ደቂቃ በኋላ በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን መጽሐፉን ዘግተው ለማስታወስ የታገሉት በለጧቸው። ደጋግሞ ያነበበው ዐወቅሁ ብሎ ይተማመናል፤ ችግሩ እሱ ነው።

የቅኔ ተማሪን ኑሮ ማሳመር ግን አልፈልግም። አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ የሚለምን ልጅ ትኩረቱን የሚሰርቀው ረኀብ ነበር።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ የሚሰረቀው በሌላ መንገድ ነው። ሃንድአውቱን በቀለም እያሰመረ በመሃል ቴሌግራም ይከፍታል። ተመራማሪዋ ሶፊ ለሮይ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳመለከተችው ያልጨረስነውን ሥራ ትተን ወደ ሌላ ስንሻገር ሐሳባችን ከፊሉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ስልኩን ለጓደኛዎ ይስጡና አንዲት ጥያቄ ብቻ ይዘው ይውጡ። ኢነርጂ አይጠፋም፣ መልኩን ይለውጣል የሚለውን ሕግ ያጠኑ እንደሆነ፣ ከመጽሐፉ ምሳሌ ይራቁና የራስዎን ይፍጠሩ፦ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ አውቶቡስ ፍሬኑ ለምን ይግላል? ወረቀት ሳይዙ በሐሳብዎ ያቀናብሩት። ሲመለሱ ስልኩን ከመቀበልዎ በፊት ለጓደኛዎ በቃል ይንገሩት፤ እሱም ያቋርጥዎ፣ ይጠይቅዎ። «ታዲያ የፍሬኑ ሙቀት የት ሄደ?» ሲልዎት መልስ ካጡ፣ ነገ ይዘውት የሚወጡት ጥያቄ ያ ነው።