ፊደል ያልቆጠረች እናትም ለልጇ ታነብባለች

ስለ ልጆች አስተዳደግ በተነሳ ቁጥር ብዙዎቻችን በልባችን ይዘናቸው የምንኖራቸው ሁለት አስተሳሰቦች አሉ። አንደኛው፣ ንባብ የትምህርት ቤት ሥራ ስለሆነ ሕፃን ልጅ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከመጽሐፍ ጋር የሚያገናኘው ጉዳይ የለም የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ለልጅ ማንበብ የሚችለው የተማረ ወላጅ ብቻ ነው የሚለው ነው። ከዚህ የተነሳ ያልተማረው ወላጅ «እኔ ምን አውቃለሁ» ብሎ ይተወዋል፤ የተማረውም «ታዲያ የአስተማሪው ሥራ ምንድነው» ብሎ ይተወዋል። ልጁ በሁለቱ መካከል መጽሐፍ ሳይነካ ያድጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም አስተሳሰቦች ስህተት መሆናቸውን ማሳየትና፣ በተለይም ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አባቶች ከትናንሽ ልጆቻቸው ጋር የሥዕል መጽሐፍ እንዴት ማንበብ እንደሚችሉ ማስረዳት ነው።

ጉዳዩን በጥቅሉ ከምናወራው በአንድ ከተማ ላይ ቆመን ብንመለከተው ይሻላል።

መልካ ወረር በአፋር ክልል፣ በአሚባራ ወረዳ፣ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ የምትገኝ ቆላማ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ያላት ርቀት 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሟ ከጥጥ ጋር ተያይዞ ይነሳል። የወረር የግብርና ምርምር ማዕከል በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ከተቋቋመ ወዲህ፣ የጥጥ እርሻው ከደጋ የመጡ ሠራተኞችን ሲስብ ኖሯል። አፋሩ ደግሞ ከግመሉና ከፍየሉ ጋር በዙሪያዋ ይኖራል፤ ወደ ከተማዋም ይገባል። ስለዚህ በገበያ አማርኛ፣ በየቤቱ አፋርኛና ሌሎች ቋንቋዎች ይነገራሉ።

እዚህች ከተማ ውስጥ የተወለደ የአፋር ሕፃን ምን ይጠብቀዋል? ቁርኣን ቤት ሲገባ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፈውን ዐረብኛ በሎህ ላይ ያገኛል። ትምህርት ቤት ሲገባ የአማርኛ ፊደል ይጠብቀዋል። የገዛ ቋንቋው አፋርኛ የሚጻፈው ደግሞ በላቲን ፊደል ነው፤ በኋላ እንግሊዝኛውም በዚያው ይመጣል። አንድ ልጅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት ዓይነት ጽሕፈት መሸከም አለበት ማለት ነው። ብዙ የአዲስ አበባ ልጅ የማያውቀው ሸክም ነው።

ይህን ሸክም የሚያቀልለት ስንቅ ከቤት ይዞት የሚወጣው ቃል ነው። በእናቱ ቋንቋ ብዙ ቃል የሚያውቅ፣ ያየውን በቅደም ተከተል መናገር የሚችል፣ ጥያቄ መጠየቅና መመለስ የለመደ ልጅ ፊደል ሲቀርብለት ፊደሉን የሚያያይዝበት ነገር አለው። ቃል የሌለው ልጅ ግን ፊደሉን ቢለይ እንኳ ያነበበው ነገር ምን እንደሆነ አይገባውም። የሥዕል መጽሐፍ ጥቅም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሥዕል በማንም ቋንቋ አልተጻፈምና። የአንበሳን ሥዕል ያየች አማርኛ ተናጋሪ እናት «አንበሳ» ትላለች፤ የአፋሯ እናት «ሉባክ» ትላለች። አንዷ «ውሃ» ስትል ሌላዋ «ሌ» ትላለች። ከሥዕሉ በታች ያለው ጽሑፍ አማርኛም ይሁን እንግሊዝኛ፣ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ልጅ መጽሐፉ በእናቱ አፍ ሊነበብለት ይችላል።

«ጽሑፉ ካልተነበበ ምኑን ንባብ ሆነ?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በጥናት የተመለሰ ጥያቄም ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ግሮቨር ዋይትኸርስት የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ወላጆችን በሁለት ቡድን ከፈሉ። ሁለቱም ቡድኖች ከትናንሽ ልጆቻቸው ጋር ለአንድ ወር ያህል በየቤታቸው የሥዕል መጽሐፍ አነበቡ። አንደኛው ቡድን እንደ ልማዱ እንዲያነብ ተደረገ። ሁለተኛው ግን ጽሑፉን በቀጥታ ማንበቡን እንዲቀንስ፣ በጣት በመጠቆም ብቻ የሚመለሱ ጥያቄዎችን እንዲተው፣ በምትኩ ልጁን የሚያናግሩ ጥያቄዎች እንዲጠይቅና ልጁ የተናገረውን አስፋፍቶ እንዲመልስለት ተነገረው። በወሩ መጨረሻ በንግግር ችሎታ የበለጡት የሁለተኛው ቡድን ልጆች ነበሩ። ከዘጠኝ ወራት በኋላ በተደረገው ክትትልም ልዩነቱ ቢቀንስም ጨርሶ አልጠፋም ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩን ልብ በሉ። ልጆቹን የጠቀማቸው በመጽሐፉ ላይ የተደረገው ጭውውት ነው። ጭውውት ደግሞ ዲፕሎማ አይጠይቅም።

እንዲያውም በዚህ ረገድ የአዋሽ ሸለቆ ሰው ከሌላው የሚያንስ አይደለም። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የታወቀ ባህል አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ዝም ብለው አይተላለፉም። ከየት መጣህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ? ዝናብ የት ጣለ? ሣሩ እንዴት ነው? ሰላም ነው? እንግዳ ሰው አጋጥሞሃል? እየተባባሉ ይጠያየቃሉ። የሚናገረው በዝርዝር ይናገራል፤ የሚሰማውም ለሚቀጥለው ሰው ማድረስ ስላለበት በጥሞና ይሰማል። የመንጋውና የቤተሰቡ ደህንነት በዚያ ወሬ እውነተኛነት ላይ የተመሠረተ ነውና በዳጉ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው።

እንግዲህ የአሜሪካው ጥናት ወላጆችን ያሠለጠነበት ነገርና አፋሩ በየመንገዱ የሚያደርገው ነገር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ተመልከቱ። ምን አየህ? ከዚያስ? የት ነበር? ለምን ይመስልሃል? ፊደል ያልቆጠረች የመልካ ወረር እናት ይህን ጥበብ ከማንም አትበደርም። የሚቀራት ነገር ቢኖር ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ መጽሐፉን ገልጣ፣ ከሦስት ዓመት ልጇ ጋር ዳጉ መጀመር ነው።

ለሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ አርአያ አለ። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ የአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር አንዲት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ቤታቸው ሲመጡ ሕፃኑን በቁልምጫ እየጠሩ፣ ያቺ ወፍህ ምን ሆነች ብለው ይጠይቁት ነበር። የመልእክተኛው ጊዜ ከማናችንም ጊዜ የጠበበ ነበር። ሆኖም ከሕፃን ጋር ሕፃኑ ስለሚወደው ነገር፣ ሕፃኑ በሚመልሰው ጥያቄ ተነጋገሩ። ኢብኑል ቃስ የተባሉት የሻፊዒይ ዓሊም ከዚህ አጭር ሐዲስ ስልሳ ያህል ቁም ነገሮችን አውጥተው ራሱን የቻለ ጽሑፍ አዘጋጅተውበታል። ለእኛ ለዛሬ አንዱ ይበቃናል፦ ልጅን ቁም ነገር እንዳለው ሰው ቆጥሮ መጠየቅ።

በዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞችና እኅቶች የሚያነሱት ጥያቄ አለ። መጽሐፉ የእንስሳትና የሰው ሥዕል ያለበት ስለሆነ በቤታችን ማስገባቱ እንዴት ይታያል? በሥዕል ጉዳይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም እንዳላቸው ይታወቃል። ይሁንና እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት በአሻንጉሊት ይጫወቱ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ብዙ ዑለማዎችም ይህን መሠረት አድርገው የልጆችን መጫወቻ ከሌላው ለይተው አይተውታል። ልቡ ያልረጋለት ሰው የሚያምናቸውን ዓሊም ይጠይቅ፤ እስከዚያውም የዛፍ፣ የወንዝ፣ የቤት፣ የፍራፍሬና የዕቃ ሥዕል ያለበትን ይምረጥ። በጥርጣሬ ሰበብ ልጁን ከመጽሐፍ ሁሉ ማራቅ ግን መፍትሔ ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ።

አንደኛ፣ ጊዜ ምረጡ። በመልካ ወረር ሙቀት ቀትር ላይ ልጅም አዋቂም አይነጋገርም። በመግሪብና በዒሻእ መካከል አሥር ደቂቃ ይበቃል። ዋናው ነገር በየቀኑ መሆኑ ነው።

ሁለተኛ፣ መጽሐፉን ልጁ ይያዘው፣ ልጁ ይግለጠው። ቢዘቀዝቀው፣ ከኋላ ቢጀምር፣ አንዱ ገጽ ላይ ቢቆይ አትቆጡ። የሁለት ዓመት ልጅ አንድን መጽሐፍ ሃያ ጊዜ ቢያስደግማችሁ አትሰልቹ፤ የሚማረው በድግግሞሽ ነው።

ሦስተኛ፣ «ይህ ምንድነው?» ብላችሁ ጀምሩ፤ እዚያ ላይ ግን አትቁሙ። «ፍየል» ካለ «አዎ፣ ጥቁር ፍየል። ወዴት የምትሄድ ይመስልሃል?» በሉት። «ውሃ» ካለ «ውሃ ልትጠጣ ወደ አዋሽ እየወረደች ነው። እረኛዋ የት አለ?» በሉት። ልጁ አንድ ቃል ሲሰጣችሁ በሦስት ቃል መልሱለት።

አራተኛ፣ ለመልሱ ጊዜ ስጡት። ትንሽ ልጅ ቃል ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ሥራ ላይ ያለ አእምሮ ዝምታ ነው፤ ቸኩላችሁ አትመልሱለት።

አምስተኛ፣ በምትችሉት ቋንቋ ተናገሩ። አፋርኛ የሚቀናት እናት በተሰባበረ አማርኛ ለማንበብ አትጨነቅ። ልጁ ከእናቱ የሚፈልገው የሞላውን ቋንቋዋን ነው፤ አማርኛውን ትምህርት ቤትና ገበያ ያስተምሩታል።

ስድስተኛ፣ በቤቱ ውስጥ ፊደል የሚያውቅ ታላቅ ልጅ ካለ ጽሑፉን እርሱ ያንብብ፤ እናት ሥዕሉን ታናግር። ሁለቱም ይጠቀማሉ።

«መጽሐፉስ ከየት ይምጣ?» ትሉ ይሆናል። የሕፃናት መጽሐፍ እንደ ልብ በማይገኝባቸው የአዋሽ ሸለቆ ከተሞች ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሆኖም መንገድ የከፈቱ ሰዎች አሉ። በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ፣ በአማርኛ የተዘጋጀ የልጆች መጽሐፍ ማጣታቸው ቢያሳስባቸው የቂሉ ማሞን ተረት እ.ኤ.አ. በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ በሥዕል አሳተሙ። በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በ2005 ደግሞ በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ጀመሩ። በኬንያ ጋሪሳ ከ1996 ጀምሮ መጻሕፍት በግመል ተጭነው ወደ አርብቶ አደሩ ሲሄዱ ኖረዋል። በአገራችን በሶማሌ ክልልም በ2020 ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ባዘጋ ጊዜ ግመሎች በሳጥን መጻሕፍት ተሸክመው ወደ መንደሮች ዘልቀዋል። ግመል ባለበት አገር መንገድ የለም ማለት እንደማይቻል ይህ ያስተምረናል።

ይህ እስኪደርስ ድረስ ቤተሰቡ ራሱ መጽሐፍ መሥራት ይችላል። አንድ ደብተር፣ ለሽፋን ካርቶን፣ መርፌና ክር ይበቃሉ። በየገጹ ልጁ የሚያውቀውን ሣሉ፦ ፍየል፣ ግመል፣ የጥጥ ማሳ፣ አዋሽ፣ የአያት ቤት። መሣል የማይሆንላችሁ ከአሮጌ ጋዜጣና ከዕቃ መጠቅለያ ቆርጣችሁ ለጥፉ። ስምንት ገጽ ከሞላ ለሁለት ዓመት ልጅ መጽሐፍ ነው። ስልክና ኔትወርክ ያላቸው ደግሞ አፍሪካን ስቶሪቡክ ከተሰኘውና እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ከጀመረው የመጻሕፍት ስብስብ አማርኛን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ የሥዕል ታሪኮችን በነፃ አውርደው ማተም ይችላሉ።

ስለ ስልክ ከተነሳ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ዛሬ ልጅ ሲያለቅስ ማባበያው ስልክ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከአንድ ዓመት በታች ያለ ልጅ ጨርሶ ስክሪን እንዳያይ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም እንደሚመረጥ ይመክራል። ልጁ በሚቀመጥበት ጊዜ ሰው ቢያነብለትና ተረት ቢያወራለት የተሻለ መሆኑንም መመሪያው ይጠቅሳል። ስልክ ያወራል እንጂ ልጁ የመለሰውን አይሰማም።

አባቶችም ራሳችንን እንጠይቅ። የልጅን አፍ መፍታት የእናት ሥራ ብቻ ነው ያለን ማነው? ቀኑን ሙሉ በሥራና በገበያ ከሰው ጋር ስናወራ ውለን፣ ማታ ለልጃችን የሚተርፈን «ዝም በል» ብቻ ከሆነ ልጁ ከእኛ የሚወርሰው ዝምታን ነው። ቁርኣን የሚቀራ ልጅም በዚህ የሚጎዳበት ነገር የለም፤ ተቀምጦ መስማትንና አስተውሎ መያዝን ይለምድበታል እንጂ።

ይህ ሁሉ የትምህርት ቤትን ቦታ አይተካም። መጽሐፍ የማሳተም ኃላፊነት ያለባቸውን ወገኖችም ከኃላፊነታቸው ነፃ አያወጣም፤ የአፋር ሕፃን በገዛ ቋንቋው የተጻፉ በርካታ የሥዕል መጻሕፍት ያስፈልጉታል። በየመድረሳው አንዲት የሕፃናት መደርደሪያ ማዘጋጀትም ከጀመዓው አቅም በላይ አይደለም። ነገር ግን የሁለት ዓመት ልጅ ይህ ሁሉ ተሟልቶ እስኪመጣ አይጠብቅም። አንደበቱ የሚፈታው አሁን ነው፤ እናቱም አጠገቡ ናት። ፊደሉን ባታውቅም አገሩን፣ ከብቱን፣ ወንዙንና ቃሉን ታውቃለች። መጽሐፉን ትግለጥና ምን አየህ ትበለው።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቃቸው። አሚን።