መስፈርቱ ከስሙ ይቅደም

ልጄ፣ ኬንያ ሞያሌ፣ ጎዶማ ላይ የሰው ሀብት ሠራተኛ ሆነሽ መቀጠርሽን ከአባትሽ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ በሙያው የኖርኩት ገና «ፐርሶኔል» ከሚባልበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ያውም ከድንበሩ ወዲህ፣ ኢትዮጵያ ሞያሌ በኩል። ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ ብትሆኚ ኖሮ ሳትቀጥሪው የቀረሽውን ሰው ዳግመኛ ላታዪው ትችዪ ነበር። ኬንያ ሞያሌ ላይ ግን ጠዋት ያልተቀጠረው ልጅ እናት ከሰዓት በኋላ ገበያ ላይ ታገኝሻለች፤ ሰላምታዋንም ጥያቄዋንም ይዛ። እዚያ ወንበር ላይ የሚያኖርሽ አንድ ነገር ነው፦ ለእያንዳንዱ ውሳኔሽ፣ ጨርሶ የማያውቅሽ ሰው እንኳ አንብቦ የሚረዳው ምክንያት ማኅደሩ ውስጥ ይኑር። የኬንያን ሕጎች ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ፤ የኢትዮጵያን በእኛው።

1. መስፈርቱን ማመልከቻ ሳይከፈት ጻፊ። በእኛ አካባቢ ስም ብቻውን ብዙ ይናገራል። አመልካቹ በጎሳው ቦረና ይሁን ገብራ፣ ቡርጂ ይሁን ገሪ፣ ፖስታው ገና ሲከፈት የቅጥር ኮሚቴው በሙሉ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲያ የሚጻፍ መስፈርት ለአንድ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። ማስታወቂያ ላይ «የሁለት ዓመት ልምድ» የነበረው ቃለ መጠይቅ ላይ «በአካባቢው የሁለት ዓመት ልምድ» ሲሆን አይቻለሁ፤ በአንዲት ቃል ግማሹ ተወዳዳሪ ወደቀ። ለትምህርት ስንት፣ ለልምድ ስንት፣ ለቃለ መጠይቅ ስንት ነጥብ እንደሚያዝ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት በቅጹ ላይ ይስፈር፤ ኮሚቴው ቀን ጽፎ ይፈርምበት። ቃለ መጠይቁ ላይ ሁሉም ሳይመካከር፣ ለየብቻው፣ በእስክሪብቶ ይሙላ። በእርሳስ የሚሞላ ካየሽ ላጲሱ የት እንዳለ ጠይቂ።

2. ዘመድሽ ካመለከተ ከክፍሉ ውጪ። «እኔ አላዳላም» ብሎ መቀመጥ አይበቃም። በቃለ ጉባኤው ላይ «ዝምድና ስላላት በዚህ መደብ ውድድር አልተሳተፈችም» ተብሎ ይያዝ። ዘመድሽን ግን አታግጂው፤ እንደማንኛውም ሰው ይወዳደር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚሉሽ አይጠፉም። የሚፈልጉት አንቺ እንድትበዪ ሳይሆን እነሱን እንድታበዪአቸው ነው።

3. የጎሳ ሽማግሌዎች «የእኛ ልጆች የት አሉ?» ብለው ሲመጡ በር አትዝጊባቸው። ጥያቄው የሕግ ጥያቄ ነው። የ2008ቱ የኬንያ የብሔራዊ ትስስርና ውህደት ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሠራተኞቹ ከሲሶ በላይ ከአንድ ብሔረሰብ እንዳይሆኑ ይከለክላል። የ2012ቱ የካውንቲ መንግሥታት ሕግ ደግሞ ከጀማሪ መደቦች ቢያንስ 30 በመቶው በካውንቲው ብዙኃን ካልሆነው ወገን እንዲሞላ ያዛል። የምትሠሪበት ድርጅት የመንግሥት ባይሆንም መንፈሱ ይጠቅምሻል። ለሽማግሌዎቹ አጠቃላይ ቁጥሩን አሳዪአቸው፤ የአንድን ተወዳዳሪ ውጤት ግን አታሳዪአቸው። እኔ እንደማየው የተዋጽኦ ጉዳይ የሚበላሸው «ለወገናችን ይገባል» የሚለው ሐሳብ «ለእገሌ ይገባል» ወደሚል ሲንሸራተት ነው። የመጀመሪያውን ተከራከሪበት፤ ሁለተኛውን ጨዋ ሆነሽ እምቢ በይ።

4. ዘመን አቆጣጠሩን ሳታውቂ ወረቀት አትጣዪ። ኢትዮጵያ የተማረው አመልካች የሕይወት ታሪክ «በ2016 ተመረቅኩ» ይላል፣ ማስረጃው 2008 ይላል። ናይሮቢ የተማረው የሥራ ባልደረባሽ ቀይ ያሰምርበትና «ፎርጅድ» ብሎ ያስቀምጠዋል። ሰኔ 2008 ግን በፈረንጆቹ 2016 ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7 ዓመት፣ ከጥር እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው፤ ታኅሣሥ መገባደጃ ላይ ተጠንቅቀሽ ቁጠሪ። የልደት ዘመን ላይ ሲሆን ስሕተቱ የባሰ ነው፤ በ1990 በእኛ አቆጣጠር የተወለደው ቅጹ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጅና ጡረታው ድረስ ይከተለዋል። ስሙንም እይው፦ የእኛ ሰው የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይጽፋል። አያቱን «የቤተሰብ ስም» ብለሽ ፊት ካመጣሽው በሁለት ስም ሁለት ማኅደር ትከፍቺለታለሽ።

ሰዓቱም እንዲሁ። ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ከንጋት ነው የሚቆጥረው፤ ችግሩ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ደብዳቤ ነው። «8:00» የሚል የቃለ መጠይቅ ጥሪ የደረሰው ልጅ ከምሳ በኋላ ከች ሲል ዕድሉ አልፏል። «ጠዋት» የሚል ቃል ጨምሪበት።

ሐሰተኛ ማስረጃ የለም እያልኩሽ አይደለም፤ ሞልቷል። ስለዚህ ለሰጪው ተቋም ጽፈሽ አረጋግጪ፤ ግን የሁሉንም፣ ከድንበር ማዶ የመጣውን ብቻ ለይተሽ አይሁን። የሰሜን ኬንያ ወጣት መታወቂያ ለማውጣት አብዛኛው ኬንያዊ የማይጠየቀውን የማጣሪያ ኮሚቴ ሲያልፍ ኖሯል፤ ፕሬዚዳንት ሩቶ ማጣሪያው እንዲቀር ያወጁት ገና በ2025 ነው። መንግሥት የተወውን ጥርጣሬ አንቺ ቢሮ ውስጥ አትቀጥዪው።

5. አንድ ከተማ ነው፣ ሁለት ሕግ ነው። ኬንያ በኩል የዓመት ፈቃድ ከ21 የሥራ ቀን አያንስም፤ ኢትዮጵያ በኩል በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። የወሊድ ፈቃዱ ደግሞ ይገለበጣል፦ እዚያ ሦስት ወር፣ እዚህ 120 ቀን። አባት እዚያ ሁለት ሳምንት ያገኛል፣ እዚህ ሦስት ቀን። የሙከራ ጊዜው እዚህ 60 የሥራ ቀን፣ እዚያ እስከ ስድስት ወር። በየነጥቡ የረከሰውን እየመረጠ ውል የሚያዋቅር አለቃ ያጋጥምሻል። የምትቀጥሪው ሾፌር ከድንበሩ ወዲያ ወዲህ ቢመላለስም የሥራ ቦታው የት እንደሆነና በየትኛው አገር ሕግ እንደሚተዳደር ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ አንዴ የተጻፈውም ፈቃድ ሲጠይቅ አይለወጥበት።

6. ስታሰናብቺ ሰውየው በሚገባው ቋንቋ ይሁን። ይህ ምክር ብቻ አይደለም። የ2007ቱ የኬንያ የሥራ ሕግ አንቀጽ 41 ሠራተኛን በጥፋት ወይም በሥራ ድክመት ከማሰናበትሽ በፊት ምክንያቱን በሚረዳው ቋንቋ እንድትነግሪው፣ የመረጠውንም የሥራ ባልደረባ ወይም የማኅበር ተወካይ አስቀምጠሽ መልሱን እንድትሰሚ ያስገድድሻል። አንድ ዘበኛ አውቃለሁ፤ ቦረንኛ እንጂ ሌላ አይናገርም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ፖስታ በር ላይ ሰጡት። እሱም ማዶ ያለው ባለሱቅ እንዲያነብለት ይዞት ሄደ። ባለሱቁ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ስኳር ሊገዙ የቆሙት ሁሉ መባረሩን ከእሱ እኩል ሰሙ። ስንብቱ ተገቢ ይሁን አይሁን ከዚያ ቀን በኋላ የጠየቀ የለም፤ ከተማው የያዘው አዋረዱት የሚለውን ነው። አስተርጓሚ አስቀምጪ፣ ሰውየው ያለውን ቃል በቃል አስጽፊ፣ ውሳኔውን ግን በዚያው ሰዓት አትስጪ። ሰምተሽው ወዲያው ካሰናበትሽው ያልሰማሽው ያህል ነው።

7. አፍሽን ያዢ። የደመወዝ መጠን፣ የሐኪም ወረቀት፣ የማን እርግዝና፣ የማን ማስጠንቀቂያ፦ ቡና ላይ አይወራም፣ በዋትስአፕም አይላክም። ኬንያ በ2019፣ ኢትዮጵያ በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አውጥተዋል፤ ሕጉ ባይኖርም ነውር ነበር።

8. የአመልካች ሴት ስልክ ቁጥር ለሥራ የተሰጠ ነው። ከቅጹ ላይ ቀድቶ ማታ የሚደውል አለቃ ካለ ቅጹን ከእጁ አውጪ፤ ቁጥሩ አንቺ ዘንድ ብቻ ይቀመጥ። የኬንያ ሕግ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ስለ ጾታዊ ትንኮሳ የጽሑፍ መመሪያ እንዲያወጣ ያስገድዳል፤ የእናንተ ድርጅት መመሪያ ካለው ግድግዳ ላይ አለ ወይስ መሳቢያ ውስጥ? አቤቱታ ሲመጣ «በሽማግሌ ይለቅ» የሚሉሽ ይበዛሉ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ በግጦሽም በድንበርም እርቅ ላይ ተቀምጫለሁ። በዚህ ጉዳይ ግን አንቀመጥም። አለቃና የበታች ሠራተኛ እኩል ሆነው ምንጣፍ ላይ የሚቀመጡበት እርቅ የለም፤ የምትታረቀው ደመወዟን ፈርታ ነው። አጣሪ ይሰየም፣ በጽሑፍ ይያዝ፣ እሷም ምስክሮቿም እስኪያልቅ ድረስ አይነኩ።

9. ሥራ ለማግኘት ገንዘብ አይከፈልም። ሞያሌ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያቀናው መንገድ አፍ ናት፤ «ሥራ አለ» የሚል ደላላ ከማንም በላይ ይሰማል። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2012 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተነገረ። ደላላ እጅ እንዳይገባ የድርጅትሽ ማኅተምና ባለ አርማ ወረቀት በቁልፍ ይቀመጥ። እያንዳንዱ የሥራ ማስታወቂያም «ለምዝገባም ሆነ ለቅጥር ክፍያ የለም» ይበል፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በስዋሂሊ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ።

10. የሥራ ልምድ ደብዳቤ መበቀያ አይደለም። በሁለቱም አገር ሕግ የሠራበትን ጊዜና የሥራውን ዓይነት የሚገልጽ ወረቀት መስጠት የአሠሪ ግዴታ ነው፤ ተጣልቶ ለወጣም፣ ለተባረረም። ስለ ጠባዩ የመጻፍ ግዴታ ግን የለብሽም። የምታመሰግኚበት ነገር ካጣሽ ዝም በይ እንጂ ከተጠየቅሽው በላይ አትጨምሪ። ክሊራንሱን እንደጨረሰ በዚያው ቀን ስጪው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊለት።