ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሹፌሩን ትቶ ተሳፋሪውን የሚያመው ነገር ምንድን ነው?



ክሊኒክ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው አቤቱታ አለ። "ዶክተር፣ ባለቤቴ መኪና ከቀየረ ወዲህ ክፍለ ሀገር መሄድ አስጠላኝ፤ ፌስታል ይዤ ነው የምጓዘው" ይሉኛል። ባልየው ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብሎ "እኔ እኮ ምንም አይሰማኝም፣ መኪናዋ አስፋልቱ ላይ ተለጥፋ ነው የምትሄደው" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንድ መኪና ውስጥ፣ አንድ ኩርባ ላይ ሁለት የተለያየ ጉዞ አለ።

ሀችባክ የምንላቸው፣ የኋላ በራቸው ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ላይ የሚከፈት ትናንሽ መኪኖች፣ በተለይ እንደ ስዊፍት ስፖርት እና ጎልፍ ጂቲአይ ያሉት ለፍጥነት የተሠሩት፣ ጠመዝማዛ መንገድ ይወዳሉ። ቀላል ናቸው፣ መሪያቸው ቶሎ ይታዘዛል፣ ሞላቸው ጠንከር ያለ ስለሆነ ኩርባ ላይ ብዙም አያጋድሉም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። መኪናዋ ስላላጋደለች ሹፌሩ በ40 መዞር የነበረበትን ኩርባ በ60 ይዞረዋል፣ ፍጥነቱም አይታወቀውም።

እስቲ በቁጥር እንየው። ኩርባው 50 ሜትር ራዲየስ ያለው ነው እንበል። 60 ኪሎ የምትመዝን ተሳፋሪ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትዞር ወደ ጎን የሚገፋት ኃይል 15 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ጎኗ ላይ እንደተጫነባት ያህል ነው። በ60 ግን ወደ 34 ኪሎ ይደርሳል። ፍጥነቱ በግማሽ ነው የጨመረው፣ ግፊቱ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። እሱም አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ እየተፈራረቀ! ከጎሐ ጽዮን ዓባይን ተሻግሮ እስከ ደጀን ያለው መንገድ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ጣርማ በርንም፣ ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደውንም የምታውቁ ኩርባውን ቁጠሩት።

አሁን ወደ ጆሯችን እንግባ። የውስጠኛው ጆሮ ሥራ መስማት ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ትናንሽ የግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ፤ ጭንቅላታችን ሲዞር ይነግሩናል። አጠገባቸው ያሉ ሌሎች ሁለት ክፍሎች ደግሞ መፍጠናችንን፣ መቆማችንን፣ ወደ ጎን መገፋታችንን ይለካሉ። አንጎል ይህን መረጃ ዓይን ከሚያየው ጋር ያመሳክራል። የኋላ ወንበር ላይ አቀርቅራችሁ ቲክቶክ ስታዩ ዓይናችሁ "ቁጭ ብለናል፣ ምንም የሚንቀሳቀስ የለም" ይላል፣ ጆሯችሁ "ኧረ እየተወረወርን ነው!" ይላል። አንጎል በዚህ ክርክር ግራ ሲጋባ ማዛጋት፣ ምራቅ መብዛት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ከዚያ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ይከተላል። በነገራችን ላይ የውስጠኛው ጆሯቸው የሚዛን ክፍል ሙሉ በሙሉ መሥራት ያቆመ ሰዎችን መኪና አያማቸውም።

ታዲያ ሹፌሩም እኮ ጆሮ አለው። እሱን የሚያድነው አስቀድሞ ማወቁ ነው። መሪውን የሚያዞረው እሱ ስለሆነ አንጎሉ ግፊቱ ከመምጣቱ በፊት ተዘጋጅቷል። ሳያውቀው ጭንቅላቱን ወደ ኩርባው ውስጥ ያዘነብላል። ተሳፋሪው ግን ጭንቅላቱ ወደ ውጭ ይወረወራል። ስለዚህ ሹፌሮች ሆይ፣ የአነዳዳችሁ መለኪያ የእናንተ ሆድ ሊሆን አይችልም፤ እሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚያውቀው። የኋላው ወንበር ዝም ካለ፣ ማዛጋት ካበዛ፣ ፊቱ ከገረጣ ያኔ ፍጥነት ቀንሱ። "ትንሽ ቻሉ፣ ልንደርስ ነው" ሕክምና አይደለም።

በብዛት የሚታመሙት ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮች እና ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች ናቸው። "ልጁ እያስመሰለ ነው" አትበሉ።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም አላችሁ። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ከተማው በትናንሽ የኤሌክትሪክ ሀችባኮች ተሞልቷል። እነዚህ ድምፅ የላቸውም፣ ሲረግጧቸው ወዲያው ይስፈነጠራሉ፣ እግር ሲነሳ ደግሞ ራሳቸው ይይዛሉ። ተሳፋሪው "አሁን ሊፈጥን ነው" ብሎ የሚያውቅበት የሞተር ጩኸት ስለሌለ ቶሎ ያቅለሸልሸዋል። ኩርባ በኩርባ መንገድ ላይ እግራችሁን በድንገት አታንሱ፣ በቀስታ ልቀቁ።

ምን ይደረግ? ከሁሉም የሚበልጠው ከኩርባው በፊት ፍጥነት ቀንሶ መግባት ነው፤ ውስጥ ገብቶ ፍሬን መያዝ ሆድን ሁለት ጊዜ ይገፋል። የሚያመው አዋቂ ሰው ጋቢና ይቀመጥ፣ ዓይኑን ሩቅ መንገዱ ላይ ይጣል፣ ጭንቅላቱን ወንበሩ ላይ ያስደግፍ፣ ኩርባ ሲመጣ እንደ ሹፌሩ ወደ ውስጥ ያዘንብል። ልጆች ጋቢና አይቀመጡም፤ ከኋላ ከፍ ባለ የልጅ ወንበር ላይ ሆነው ውጭውን ይዩ፣ ስልኩን ተቀበሏቸው። ነፍሰ ጡር እናት የታችኛውን ቀበቶ ከሆዷ በታች፣ ዳሌዋ ላይ ታድርገው። በባዶ ሆድም ሆነ ክትፎ በልቶ መውጣት አይመከርም፣ ቀለል ያለ ምግብ በቂ ነው። ሎሚ ማሽተት የምትወዱ ቀጥሉበት፣ ጉዳት የለውም። መስኮት ግን ክፈቱ! "ንፋስ ይመታናል" እያልን በታፈነ ቤንዚን ሽታ ውስጥ መጓዛችን ይገርመኛል።

ስለ መድኃኒት ጥንቃቄ ላድርግላችሁ። ብዙ ሰው ፋርማሲ ገብቶ ፕላዚል ይገዛል። ፕላዚል ለሌላ ዓይነት ማቅለሽለሽ ጥሩ ነው፣ ለመኪና ግን እምብዛም አይረዳም። የሚረዱት እንደ ፕሮሜታዚን እና ሜክሊዚን ያሉት ናቸው፤ እነሱም ከጉዞው 1 ሰዓት ያህል ቀድመው ሲወሰዱ እንጂ ማስታወክ ከጀመረ በኋላ አይደለም። ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፣ ትንፋሽ ሊያፍን ይችላል። ለትልልቅ ልጆችም ሐኪም ሳያማክሩ አትስጡ።

እነዚህ መድኃኒቶች ለሰዓታት እንቅልፍ ያመጣሉ። የሚያመውን ሰው "እንግዲያው አንተ ንዳ፣ ስትነዳ አያምህም" ማለት ጥሩ ዘዴ ነው፤ ክኒኑን ከዋጠ ግን መሪ አይነካም። የጉንፋን ክኒኖችም ብዙዎቹ ያንኑ ዓይነት መድኃኒት ስለያዙ "ጉንፋን ነው" ብሎ ውጦ ቁልቁለት የሚነዳ ሹፌር ያሰጋኛል። አልኮል ከተጨመረበት የባሰ ነው።

ስትወርዱ ጆሮ ይደፈናል። ዋጡ፣ አዛጉ፣ ማስቲካ አኝኩ። ሕፃን ካለቀሰ መኪናውን አቁማችሁ ጡት ስጡት፣ መዋጡ ጆሮውን ይከፍትለታል።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጦ መቆየት የመካኒክ ርዕስ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ውጤቱን ድንገተኛ ክፍል የምንቀበለው ግን እኛ ነን። ፍሬን ሲግል ፔዳሉ ይላላል፣ አልይዝም ይላል። በከባድ ማርሽ ውረዱ፣ ሞተሩ ይያዝላችሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ሙሉ ሆኖ ከተራራ ጫፍ ሲነሳ እግር ስታነሱ የለመዳችሁት መያዝ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጫፉ ላይ ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት። የመቃጠል ሽታ ከመጣ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፣ እስኪበርድ ጠብቁ። ተሳፋሪውም ወርዶ ይተንፍስ።

ከመኪና ወርዳችሁ ካረፋችሁ በኋላ ማቅለሽለሹ በአብዛኛው በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። በማግሥቱም ቤቱ የሚዞርባችሁ ከሆነ፣ አልጋ ላይ ስትገላበጡ የሚያሽከረክራችሁ ከሆነ፣ አንድ ጆሮ መስማት ከቀነሰ ሐኪም ጋር ቅረቡ። የደረት ሕመም፣ የንግግር መንተባተብ ወይም የአንድ ጎን መድከም ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ወዲያውኑ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ።