በክፉ ጥገና የተጎዳ የቫልቭ ራዲዮ እንዴት ይታደሳል?

አሮጌ የቫልቭ ራዲዮ ለመግዛት የሚመጣ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው የሣጥኑን እንጨት ነው። ዋጋውን መወሰን የሚገባው ግን ከኋላ ክዳኑ ውስጥ ያለው ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ ራዲዮውን ከዕድሜው ይልቅ የሚጎዳው ያልሠለጠነ እጅ ነው። ስለዚህ ዕድሳት የሚጀምረው አዲስ ዕቃ በመተካት ሳይሆን የቀድሞውን ጥገና በመመርመር ነው።

ነገሩ እኛን የኤረርን ሰዎች ይመለከተናል። ከጂቡቲ የተነሣው አሮጌው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ኤረር ከመስመሩ ጣቢያዎች አንዷ ሆነች፤ የባሕር ማዶ ዕቃም በዚሁ መንገድ ይገባ ነበር። በሌላ በኩል የቆላው ሙቀት በኮንደንሰር ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ያደርቃል፤ አቧራውም በእግሮቹ መካከል ይከማቻል። የደከመው ዕቃ ሲጠገን ደግሞ ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው አራት ጥፋቶች ይፈጸማሉ።

1ኛ/ በተቃጠለው ፊውዝ ፈንታ ተራ ሽቦ መጠምጠም። ከዚያ በኋላ ችግር ሲደርስ የሚቃጠለው ፊውዙ ሳይሆን ውዱ ትራንስፎርመር ነው።

2ኛ/ ኮንደንሰሩን ያለ ልክ ማሳደግ። ለምሳሌ ኢዜድ 80 የተባለው ኮረንቲ አቅኚ ቫልቭ ከ50 ማይክሮፋራድ በላይ አይፈቅድም። ትልቅ ይሻላል ብሎ 220 የሚያስገባ ሰው የቫልቩን ዕድሜ ያሳጥራል።

3ኛ/ ምክንያቱን ሳይፈልጉ ቫልቭ መለዋወጥ። ድምፅ የሚያወጣው ኢኤል 84 ቶሎ ቶሎ የሚቃጠል ከሆነ፥ ተጠርጣሪው ወደ ግሪዱ ድምፅ የሚያሳልፈው አሮጌ የወረቀት ኮንደንሰር ነው። ይህ ኮንደንሰር ካፈሰሰ ቫልቩ ከመጠን በላይ ኮረንቲ ይስባል። በካቶዱ ላይ 135 ኦም ሬዚስተር ባለበት ራዲዮ 7 ቮልት ያህል ሊለካ ይገባል፤ እጅግ ከበለጠ ኮንደንሰሩ ይለወጥ።

4ኛ/ የጥቅሎቹን ብሎኖች በዘፈቀደ ማዞር። እነዚህ በፋብሪካ በመሣሪያ የተስተካከሉ ናቸው፤ ያለ መሣሪያ የነካቸው ሰው ጣቢያዎቹን ያደክማል።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ራዲዮው አስቀድሞ ከኮረንቲ ጋር አይገናኝ። ክዳኑ ተከፍቶ እያንዳንዱ የተነካ ቦታ በወረቀት ይሣል፤ የሚቻል ከሆነ ከፋብሪካው ንድፍ ጋር ይነጻጸር። የቮልት መምረጫው በ220 ላይ መሆኑ ይረጋገጥ። ከዚያ በኋላ ባለ ክር የ60 ዋት አምፖል በመስመሩ ውስጥ በተከታታይ ገብቶ ይሞከር። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ውስጥ የተገናኘ ሽቦ አለ ማለት ነው፤ ወዲያው ይነቀል። ደምቆ ከደበዘዘ ግን ሥራው ይቀጥል። ዕቃም አንድ በአንድ ይለወጥ፤ በአንድ ጊዜ ብዙ የለወጠ ሰው ስሕተት ቢፈጠር ከየት እንደ መጣ አያውቅም።

ጥንቃቄ! በውስጡ ያለው ኃይል 250 ቮልትና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል፤ ከተነቀለም በኋላ በኮንደንሰሮቹ ውስጥ ይቆያል። ትራንስፎርመር በሌላቸው ራዲዮዎች ደግሞ የብረት መቀመጫው ራሱ ኮረንቲ ሊይዝ ይችላል። እንዲህ ያለው ሥራ ለሠለጠነ ባለሙያ ይሰጥ።

በመጨረሻ፥ ሻጭ የሆነ ሁሉ ምን እንደ ተለወጠና መቼ እንደ ተለወጠ ጽፎ ወረቀቱን በክዳኑ ውስጥ ይለጥፍ፤ ገዥም ይህን ወረቀት ይጠይቅ። ያልተለወጠውንም ቢጽፍ ገዥው ወጪውን አስቀድሞ ያሰላል። የተሸሸገ ጉድለት ለአንድ ቀን ትርፍ ቢያስገኝ፥ ራዲዮው በገዥው ቤት ጢስ ባወጣ ጊዜ የሱቁን ስም ይዞ ይሄዳል። በትንሽ ከተማ ደግሞ ስም ከጠፋ ደንበኛ አይመለስም።