የተቀዳ ድምፅና የሰው ፈቃድ

ዛሬ የምንማረው ይህን ነው፦ ነጋዴ አስቀድሞ የቀዳውን ማስታወቂያ ሳንፈቅድለት በስልካችን ሊያሰማን፣ በዚያም አስታኮ ብር ሊቆርጥብን ይችላል?

ምሳሌውን ቡራዩ እናድርገው። ጉሊት ሽንኩርት የሚሸጡ እናት አሉ እንበል። ለደንበኛ እየመዘኑ ስልካቸው ይጠራል። የተቀዳ ድምፅ በአማርኛ ስለ አንድ አገልግሎት ያወራና «ለመመዝገብ 1ን ይጫኑ» ይላል። እሳቸው የሚሰሙት ኦሮምኛ ብቻ ነው። ሊዘጉት ሲነካኩ 1 ተጫነ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ካርዳቸው ይበላል። ታዲያ ውል ተፈጽሟል?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1682 ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይደነግጋል። ስለዚህ ጥሪውን እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ወይም ለመልእክቱ መልስ አለመስጠት ፈቃድ አይሆንም። ቁልፍ መጫንስ? እዚህ ላይ ረጋ እንበል። መፍቀድ የሚስማሙበትን ነገር ማወቅን ይጠይቃል። ሰው ሲያነጋግረን «ምን አልከኝ?» እንለዋለን፤ የተቀዳ ድምፅ ግን ጥያቄ አይቀበልም፣ ቋንቋ አይለውጥም፣ እንዳልገባንም አያውቅም። ለእኔ የነገሩ ሥር ይህ ነው። አንቀጽ 1696 በስህተት የተስማማ ሰው ውሉ እንዲፈርስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል፤ ስህተቱ ግን መሠረታዊ መሆን አለበት። አንቀጽ 2001 ደግሞ ግዴታ ይፈጸምልኝ ባዩ የግዴታውን መኖር እንዲያስረዳ ያዛል። የማስረዳቱ ሸክም ገንዘቡን የሚፈልገው ድርጅት ነው፤ የእናታችን አይደለም።

ወደ ወንጀሉ እንለፍ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15 ተቀባዩ ሳይፈቅድ በኢሜይል ወይም በተመሳሳይ የኮምፒዩተር አድራሻ የንግድ ማስታወቂያ የሚያሰራጨውን ከ3 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራትና ከ30 ሺህ ብር በማይበልጥ መቀጮ ይቀጣል። የስልክ ቁጥር ከዚህ ይገባል? አዋጁ ለኮምፒዩተር የሰጠው ትርጉም ሰፊ ስለሆነ ይገባል ብሎ መከራከር ይቻላል። ነገር ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 2 ፍርድ ቤት በማመሳሰል ወንጀል እንዳይፈጥር ይከለክላል፤ አንቀጽ 15 ደግሞ የስልክ ጥሪን በስም አላነሣም። በዚህ ብቻ ተማምኜ ለእናታችን አልሟገትም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣችው ሕግ የተቀዳ ድምፅን በስሙ ጠርቶ ገድቦታል፤ ተበዳዩም ለእያንዳንዱ ሕገወጥ ጥሪ 500 ዶላር መጠየቅ ይችላል። የእኛም ሕግ እንዲህ ቁርጡን ቢናገር ምኞቴ ነው።

እስከዚያው ጠንካራው መደገፊያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። የሰው ስልክ ቁጥር የግል ዳታ ነው። ዕቃ ለማድረስ ብሎ ቁጥር የተቀበለ ሱቅ እንዳሻው ለማስታወቂያ ሊያውለው አይገባም፤ የፈቀደ ሰውም ፈቃዱን መልሶ ማንሣት ይችላል።

የእናታችን ቡራዩ፣ እንደ ሰበታና ሱሉልታ ሁሉ፣ ዛሬ በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ ሥር ናት። አዋጆቹ ግን የፌዴራል ስለሆኑ ቦሌ ላለው የሚሠሩትን ያህል ሱሉልታ ላለውም ይሠራሉ። አቤቱታ በቅድሚያ ለቴሌኮም ኩባንያው ይቀርባል፤ ለኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ 994 አለ። መልስ ከጠፋ ጉዳዩ ወደ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይሄዳል። የደወለው ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ብር መቆረጡን የሚነግረው መልእክት ሳይጠፉ ይቀመጡ። ባለስልኳ ማንበብ ካልቻሉ ልጅ ወይም ጎረቤት ስክሪንሾት ያንሣላቸው፤ አገልግሎቱ እንዲቆም የጠየቁበትንም ቀን አብሮ ይጻፍላቸው፤ ከዚያ በኋላ የተቆረጠው ብር ለብቻው ይቆጠራልና።