ማን ገፋሽ?

ቆይ፣ ገጹን አትግለጪው። መኪና ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ለምን ወደ ፊት ድፍት እንደሚል ለሚጠይቀው ጥያቄ «ኢነርሺያ ተሳፋሪውን ወደ ፊት ስለሚገፋው» የሚለውን ነው የከበብሽው። ጥያቄ አውጪዎቹ ያን ምርጫ ያስገቡት ብዙ ተማሪ እንደዚያ እንደሚያስብ ስለሚያውቁ ነው። አገር አቀፍ ፈተናው ደግሞ የከበብሽውን ፊደል እንጂ ሐሳብሽን አያይልሽም።

ባለፈው ከሃላሌ ወደ ሶዶ ስንመጣ በሬ መንገድ ገብቶ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሁላችን ወደ ፊት ድፍት አልን አይደል? ማን ገፋሽ? ከኋላሽ የነካሽ የለም። መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ፣ አንቺ በነበርሽበት ፍጥነት ቀጠልሽ፤ በቃ። ኢነርሺያ የቆመም ሆነ የሚሄድ አካል ሁኔታውን በራሱ ያለመለወጥ ባሕርይ ነው። በኒውተን አይለካም፣ ቀስትም አይሳልለትም።

በቁጥር እንየው። መኪናው በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ነበር እንበል፤ በሰከንድ 10 ሜትር ማለት ነው። በ2 ሰከንድ ቢቆም፣ 50 ኪሎ የሆንሽው አንቺ አብረሽው ለመቆም 250 ኒውተን ያስፈልግሻል። ወዴት? ወደ ኋላ! እሱን የሰጠሽ የጨበጥሽው ወንበርና የእግርሽ ሰበቃ ነው። ወደ ፊት የሚገፋ ኃይል ብትፈልጊም አታገኚም።

አባባ መዶሻው ሲላላ የሚያደርገውን አይተሻል። ብረቱን ወደ ላይ አድርጎ የእጀታውን ጫፍ ድንጋይ ላይ ጠቅ ጠቅ ያደርገዋል። እጀታው ድንጋዩ ጋ ይቆማል፤ ብረቱ ግን መውረዱን ቀጥሎ እጀታው ላይ ይጠብቃል። ብረቱን የመታው የለም።

ኒውተን ራሱ በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በላቲን «የኢነርሺያ ኃይል» ብሎ ጽፏል፤ ስለተሳሳትሽ አትሸማቀቂ፣ ቃሉ ራሱ ያሳስታል። ዛሬ ግን ኃይል አንለውም።

የኢነርሺያ መለኪያው መጠነ ቁስ ብቻ ነው። መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ 100 ኪሎ በቆሎና በሰከንድ 8 ሜትር የሚሮጥ 60 ኪሎ ሰው ቢሰጡሽ፣ ኢነርሺያው የሚበልጠው በቆሎው ነው፤ ፍጥነት ስታዪ ልብሽ ወደ ሞመንተም እንዳይሄድ። ያንኑ በቆሎ ጨረቃ ላይ ቢወስዱት ክብደቱ ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል፣ ኢነርሺያው ግን ንክች አይልም።

በይ ቀጣዩን አንብቢልኝ። ባጃጁ ወደ ግራ ሲታጠፍ ወደ ቀኝ ያጋደልሽው ለምንድን ነው? ቀስት ከመሳልሽ በፊት ማን እንደነካሽ ንገሪኝ።